ጀልባ የሚጠገነው በደረቅ መሬት ላይ ነው

ድሬዳዋ ውስጥ ስለ ጀልባ ማውራት የጀመረ ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው ሳቅ ነው። ከተማዋ የምታውቀው ውሃ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በቧንቧ መጥቶ ማንቆርቆሪያውን በነጭ ኖራ የሚደፍነው ውሃ ነው። ሌላው በክረምት ከተራራው ወርዶ ደቻቱን በአንድ ጊዜ የሚሞላው ጎርፍ ነው። የመጀመሪያው ሁልጊዜ አይበቃም። ሁለተኛው ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. አጥቢያ ከ200 በላይ ሰዎችን ከእንቅልፋቸው ሳይነቁ ወስዷል። ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ሆኖ የሚከርም ወንዝ ለሁለት የከፈላት ከተማ ከጀልባ ጥገና ጋር ምን አገናኛት?

የሚያገናኛት ነገር አለ፤ ያውም ከብዙ ሐይቅ ዳር ከተሞች በላይ። ነገሩ ግን ከሩቅ አይጀምርም፤ ከድሬ በደንገጎ ዳገት ተነስቶ አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ የተጓዘ ሰው የሚደርስበት ሐረማያ ይጀምራል።

ሐረማያ ሐይቅ መድረቁን የምሥራቁ ሰው በዓይኑ አይቷል። ለሐረር መጠጥ ውሃ እየተሳበ፣ ለጫትና ለአትክልት መስኖ እየተቀዳ፣ ከተራቆተው ኮረብታ በሚወርድ ደለል እየተሞላ በ1990ዎቹ ውስጥ ጨርሶ ደረቀ። ሕፃናት ኳስ ተጫወቱበት፤ ከብት ተሰማራበት። ሐረርም ወደ ድሬዳዋ ቆላ ዞራ የጉድጓድ ውሃ ሽቅብ በፓምፕ መግፋት ግድ ሆነባት። ከዚያ ባለፉት ዓመታት፣ ብዙ ሰው ተስፋ ከቆረጠ በኋላ፣ ውሃው ተመለሰ። ውሃው ሲመለስ ጀልባም ተመለሰ። የድሬ ወጣት ቅዳሜና እሑድ ሙቀቱን ሸሽቶ ወደዚያ ሲወጣ ከዳር ቆሞ ፎቶ የሚነሳበት ሐይቅ አገኘ። እንግዲህ ጀልባ ባለበት ሁሉ አንድ ቀን የሚሰማ ቃል አለ፤ «ያፈሳል»።

ይህ ቃል በኢትዮጵያ ሐይቆች ዳር የሞት ፍርድ ነው። በየሐይቁ ዳር ተመሳሳይ ነገር ይታያል፤ ተገልብጦ የተቀመጠ የፋይበር ጀልባ፣ ቀለሙ በፀሐይ የነጣ፣ ሥሩ ፍየል የሚያርፍበት፣ ጀርባው ላይ ልጆች የሚንሸራተቱበት። ምን ሆኖ ነው ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ አንድ ነው፤ ያፈሳል። ከየት ነው የሚያፈሰው የሚል ሁለተኛ ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ አይከተልም። ጀልባውን የሰጠው ፕሮጀክት ካለቀ ቆይቷል፤ የተቀበለው ማኅበር አባላቱ ተበትነዋል፤ የሚመለከተው ቢሮ ደግሞ በሚቀጥለው በጀት አዲስ ጀልባ እንዲገዛ ደብዳቤ ጽፏል። ገና ሃያ ዓመት ማገልገል የሚችል ዕቃ በአንዲት የብሎን ቀዳዳ ምክንያት እንደ ሬሳ ይቆጠራል።

ማጋነን የመሰለው አንባቢ የፋይበር ጀልባ ምን እንደሆነ ማወቅ አለበት። በፀጉር የቀጠነ የብርጭቆ ክር ምንጣፍ ላይ ሬዚን ይፈስበታል፤ ሬዚኑ ሲደርቅ ክርና ሙጫው አንድ አካል ይሆናሉ። ሬይ ግሪን የተባለ አሜሪካዊ በዚህ ዘዴ ጀልባ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1942 ነው። ከዚያ ወዲህ የተሠሩና ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ጀልባዎች ዛሬም በዓለም ባሕሮች ላይ አሉ። እንጨት ይበሰብሳል፤ ብረት ይዝጋል፤ ፋይበር ግን በዕድሜ ብቻ አይሞትም። የሚሞተው ሲተው ነው።

ታዲያ ውሃው ከየት ይገባል? ጀልባ ጠጋኞች ሁሉ የሚስማሙበት ነገር አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከጀልባው ገላ አይደለም። ሰው ከበሳቸው ቀዳዳዎች ነው። ጀልባው ከኋላው ሥር ውሃ የሚለቀቅበት ቡሽ አለው፤ የቡሹ ቀለበት ይላላል፣ ጎማው ይደርቃል። ሞተሩ የታሰረባቸው ብሎኖች በንዝረት ብዛት ቀዳዳቸውን ያሰፋሉ። አንድ ሰው መልሕቅ ለማሰር ብሎ የበሳው ቀዳዳ አለ፤ ሌላው ደግሞ ወንበር አንስቶ ቀዳዳውን ሳይደፍን ሄዷል። የላይኛውና የታችኛው ክፍል የተጋጠመበት ስፌት አለ፤ ጀልባው ከሌላ ጀልባ ጋር በተላተመ ቁጥር ይከፈታል። ከሁሉም በላይ ደግሞ በብዙ የኢትዮጵያ ሐይቆች ዳርቻ ወደብ የሚባል ነገር ስለሌለ ጀልባው በየቀኑ በጠጠር ላይ ይጎተታል። ሥሩ፣ አከርካሪው ላይ፣ እንደ ጫማ ሶል ያልቃል። መጀመሪያ አንጸባራቂው ቆዳ ይነሳል፤ ከዚያ የብርጭቆው ክር እንደ ሻሽ ጫፍ ተተልትሎ ይታያል፤ ያኔ ውሃው በክሩ መንገድ ይገባል።

የሚያፈሰውን ቦታ ማግኘት ከመድፈኑ ይከብዳል። ምክንያቱም ውሃ የገባበትና የታየበት ቦታ አንድ አይደለም። ከፊት የገባው ውሃ በወለሉ ሥር ባሉት ተሸካሚዎች ጎን ተንሸራቶ ከኋላ ይጠራቀማል፤ ባለቤቱም ኋላውን በሬንጅ ሲመርግ ይውላል። እዚህ ላይ የድሬ ሰው ያላሰበው እውቀት አለው። የድሬ ውሃ ኖራማ ስለሆነ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ የሄደበትን መንገድ በነጭ መስመር ጽፎ ያስቀምጣል። የቤት እመቤቷ ሳትቀር መስመሩን በጣቷ ተከትላ «ከዚች ማያያዣ ነው» ትላለች። ለጀልባም የሚደረገው ይኸው ነው። ጀልባው ከውሃ ወጥቶ በድጋፍ ላይ ይቀመጥና ከውጭ በደንብ ይደርቃል፤ ከዚያ ውስጡ ቀስ በቀስ ውሃ ይሞላል፤ እስከ አፉ ሳይሆን ለወትሮው ውሃ እስከሚደርስበት ከፍታ ድረስ፣ ደግሞም የውሃው ክብደት እንዳይሰነጥቀው ከሥሩ በደንብ ተደግፎ። ውጩ ላይ የኖራ ዱቄት ወይም ጠመኔ ይነሰነሳል። ዱቄቱ የረጠበበት ነጥብ ውሃው የሚገባበት ነጥብ ነው። ውሃ ከውስጥ ወደ ውጭ የሚወጣበት ቀዳዳ ከውጭ ወደ ውስጥም ያስገባል። ለዚህ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ትዕግሥትና ሁለት በርሜል ውሃ ይበቃል። ድሬ ውስጥ ሁለት በርሜል ውሃ ማግኘት ራሱ አንዳንድ ሳምንት ቀላል አይደለም እንጂ።

ከዚህ የከፋው የማይታየው ነው። የብዙ ፋይበር ጀልባዎች ኋላ፣ ሞተሩ የሚታሰርበት ሳንቃ፣ ውስጡ ኮምፔርሳቶ ነው፤ በፋይበር ተሸፍኖ ነው እንጂ እንጨት ነው። በብሎኑ ቀዳዳ የገባ ጠብታ እንጨቱ ጋ ሲደርስ መውጫ የለውም። ዓመት፣ ሁለት ዓመት እያለ እንጨቱ እንደ ረጠበ ዳቦ ይሆናል። ከውጭ ግን ጀልባው ያው ነው። ይህን የሚለየው ጆሮ ነው። በመዶሻ እጀታ ወይም በሳንቲም ቀስ እያሉ ሲመቱት ጤነኛው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው ዱብ ዱብ ይላል። ሐብሐብ በጥፊ እየመታ የሚገዛ ሰው ለዚህ ሥልጠና አያሻውም።

ለምን ይህ ሁሉ ጭንቀት፣ አንድ ቆርቆሮ ይዞ ውሃውን እየቀዱ መጣል አይቻልም ወይ የሚል ይኖራል። ይቻላል፤ በየሐይቁም የሚደረገው እሱ ነው። አንዱ ይቀዝፋል፣ አንዱ መረብ ይስባል፣ ሦስተኛው፣ ብዙ ጊዜ ትንሹ ልጅ፣ ውሃ እየቀዳ ይደፋል። ችግሩ የሚያፈስ ጀልባ ሰው የሚገድለው እንደሚታሰበው ቀስ ብሎ በመስጠም አለመሆኑ ነው። በጀልባው ሆድ ውስጥ ያለ ውሃ አይቀመጥም፤ ይሮጣል። ጀልባው ወደ ግራ ትንሽ ሲያዘነብል ውሃው በሙሉ ወደ ግራ ይሄዳል፤ ያዘነበለውን የበለጠ ይጫነዋል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነስቶ ማዕበሉ ሲመጣ፣ ዓሣ አጥማጁ መረቡን ለመሳብ ወደ አንድ ጎን ባጎነበሰባት ቅጽበት፣ ቁርጭምጭሚት የማይሞላ ውሃ ጀልባውን ለመገልበጥ ይበቃል። ዋና የማይችል ብዙ ነው፤ የመንሳፈፊያ ጃኬት ያለው ጥቂት ነው። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚለው አባባል ለምሳሌ የተነገረ ይመስላል፤ የጀልባ ሰዎች ግን ቃል በቃል ያውቁታል።

አሁን ወደ ጥገናው እንምጣ። ከሁሉ በፊት የማይደረገውን መናገር ይሻላል፤ የሚደረገው እሱ ነውና። ሬንጅ አፍልቶ መቀባት የተለመደ ነው። ሬንጅ ለጣሪያ ይበጅ ይሆናል፤ ጀልባ ላይ ግን ፀሐይ ሲነካው ይለሰልሳል፣ ጠጠር ሲነካው ይላጣል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በኋላ ትክክለኛ ጥገና ሊያደርግ የመጣውን ሰው ሥራ ያበላሻል። ሲሊኮን ከዚያ የባሰ ነው። የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን የነካው ቦታ በዓይን የማይታይ ቅባት ይተዋል፤ ከዚያ በኋላ ቀለምም ሬዚንም አይዘውም። በአንድ ቱቦ ሲሊኮን ሁለት ሳምንት የተገዛበት ጀልባ ለዓመት የሚሆን ጥገና እንዳይቀበል ይሆናል። ለብሎንና ለቡሽ ቀለበት የሚሆነው እንደ ጎማ የሚሳሳበው የፖሊዩሪቴን ማሸጊያ ነው፤ ለመኪና መስታወት ማጣበቂያ የሚሸጠው ዓይነት። ብሎኑ ይነቀላል፣ ቀዳዳው ይጸዳል፣ ይደርቃል፣ ማሸጊያው ይሞላል፣ ብሎኑ ይመለሳል። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። አብዛኛው «ሞተ» የተባለ ጀልባ የሚፈልገው ከዚህ የበለጠ አይደለም።

ስንጥቁ ገላው ላይ ከሆነ ግን ሥራው የሙያ ነው። ከላይ መለጠፍ አይረዳም። የተጎዳው ክፍል በግራይንደር ተፍቆ ጤነኛው ክር እስኪታይ ይወጣል፤ ጠርዙ እንደ ሰሐን ከንፈር ቀስ ብሎ እንዲዳፋ ይደረጋል። የሙያው ልክ አሥራ ሁለት ለአንድ ነው፤ አምስት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ገላ ከተሰነጠቀ በየጎኑ ስድስት ሴንቲ ሜትር ያህል መዳፋት አለበት። ይህን የሚያይ ባለቤት ይደነግጣል፤ ጣት የማታስገባ ስንጥቅ ሊያስጠግን ሄዶ ሰሐን የሚያህል ጉድጓድ ተቆፈረለት። ነገር ግን አዲሱ ፋይበር የሚይዘው በዚያ ተዳፋት ላይ ነው። ከመፈቅፈቁ በፊት በአሴቶን ይጠረጋል፤ አለበለዚያ ቅባቱ ከአቧራው ጋር ወደ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ትንሽ፣ ትልቅ፣ ከዚያ የሚበልጥ እየተባለ የተቆረጡ የብርጭቆ ምንጣፎች በሬዚን እየራሱ ይደረደራሉ፤ በየንብርብሩ አየሩ በሮለር ተጨፍልቆ ይወጣል። የቀረ የአየር አረፋ ካለ ነገ ስንጥቁ ከዚያ ይጀምራል።

ይህን ሁሉ በትክክል ሠርቶም ጥገናው የሚወድቅበት አንድ ምክንያት አለ፤ እርጥበት። ሬዚን እርጥብ ፋይበር ላይ አይዝም። ይይዝ ይመስላል፤ ክረምቱ ሲመጣ እንደ ቅርፊት ይነሳል። አሮጌ ጀልባ ደግሞ ከሚታሰበው በላይ ውሃ ጠጥቷል። አንጸባራቂው ቆዳ ውሃ ጨርሶ አያሳልፍም የሚለው እምነት ስህተት ነው፤ በዓመታት ውስጥ ቀስ ብሎ ያሳልፋል። እንዲያውም ከባሕር ጨዋማ ውሃ ይልቅ የሐይቅ ውሃ፣ ከቀዝቃዛው ይልቅ ሞቃታማው በቀላሉ ይሰርጋል። ሰርጎ የገባው ውሃ ከቆዳው ሥር የቀሩ ኬሚካሎችን አሟሙቶ እንደ ፈንጣጣ ያሳብጠዋል፤ እብጠቱ ሲወጋ የሚወጣው ፈሳሽ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል። እንዲህ ያለ ጀልባ ከሐይቅ ወጥቶ በማግስቱ አይጠገንም። ሳምንታት፣ አንዳንዴ ወራት መድረቅ አለበት። መድረቁ የሚታወቀውም በቀላል መንገድ ነው፤ የሚያሳልፍ ላስቲክ በቴፕ ዙሪያውን ታሽጎ ይለጠፍበትና ፀሐይ ላይ ይውላል። ከላስቲኩ ሥር ላብ ካበጀ ጀልባው ገና አልደረቀም።

ጨዋታው ወደ ድሬ የሚዞረው እዚህ ላይ ነው። ጀልባ ለመጠገን የሚያስፈልገው ውሃ አይደለም፤ የውሃ አለመኖር ነው። ሐይቅ ዳር ጠዋት ጤዛ አለ፣ ክረምት ሙሉ ዝናብ አለ፣ አየሩ ራሱ እርጥብ ነው። ድሬዳዋ ደረቅና ሞቃት ናት። ሌላው ዓለም ጀልባ ለማድረቅ መጋዘን ሠርቶ ማሞቂያ ያበራል፤ ድሬ ይህን ለማንም ሰው በነፃ ታድላለች፤ ነዋሪዋም ስለ ሙቀቱ ከማማረር በቀር አስቦት አያውቅም።

ሙቀቱ ሌላ ፈተና እንዳለው ግን መደበቅ የለበትም። ሬዚን የሚደርቀው ማጠንከሪያ ሲገባበት ነው፤ መጠኑም ከክብደቱ ከአንድ እስከ ሁለት በመቶ ነው። ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ግማሽ ሰዓት የሚቆይ ቅልቅል በድሬ የግንቦት እኩለ ቀን በደቂቃዎች ውስጥ በጣሳው ውስጥ ጨሶ ይረጋል። መፍትሔው ማጠንከሪያውን ወደ አንድ በመቶ ማውረድ፣ በትንሽ በትንሹ መቀላቀል፣ ከሁሉም በላይ ጎህ ሲቀድ ጀምሮ ከረፋዱ በፊት መጨረስ ነው። ከዚያ በታች መቀነስ ግን አይቻልም፤ ሬዚኑ መቼም የማይጠነክር ማስቲካ ሆኖ ይቀራል። ከምሳ በኋላ ድሬ ላይ ሥራ ቀዝቀዝ እንደሚል የታወቀ ነው፤ ለዚህ ሙያ ግን ልማዱ ይመቸዋል። ጠዋት ተሠርቶ ያለቀው ፋይበር በቀትር ሙቀት ሲጠነክር ሠራተኛው በርጫው ላይ መሆን ይችላል።

ሙያተኛውስ ከየት ይመጣል? ድሬ ውስጥ አለ፤ ስሙ ግን ጀልባ ጠጋኝ አይደለም። ባትላሜራ ይባላል። የአውቶቡስ ፓራውልት ሲሰበር፣ የጭነት መኪና የፋይበር አፍንጫ ሲሰነጠቅ ፈቅፍቆ፣ ምንጣፍ ቆርጦ፣ ሬዚን አርሶ፣ በስቱኮ አስተካክሎ፣ ቀለም ቀብቶ የሚመልሰው ሰው ነው። የሚጎድለው ትንሽ ነገር ነው፤ ተዳፋቱን በልኩ ማድረግ፣ መድረቁን መለካት፣ ስቱኮ ከውሃ በታች እንደማይሠራ ማወቅ። ፓራውልት ቢላቀቅ መንገድ ዳር ይወድቃል፤ ጀልባ ቢላቀቅ ሰው ይሰጥማል። ልዩነቱ የኃላፊነት እንጂ የእጅ አይደለም። እግረ መንገድ አንድ ነገር፤ በየጋራዡ ያለ ጭንብል ፋይበር የሚፈቅፍቁ ልጆች የሚተነፍሱት የብርጭቆ አቧራ ነው። ማጠንከሪያው ዓይን ውስጥ ቢረጭ ያሳውራል። ማንኛውም ሥልጠና ከዚህ ካልጀመረ ባይጀመር ይሻላል።

ለነገሩ ጥገና ለድሬ አዲስ አይደለም፤ ከተማዋ ራሷ የጥገና ልጅ ናት። በ1895 ዓ.ም. የባቡር ሐዲዱ እዚህ ሲደርስ ተራራውን መውጣት አቅቶት ቆመ፤ የቆመበት ከተማ ሆነ። ከዚራ የምድር ባቡር ወርክሾፕ የተተከለው ባቡሩ በየቀኑ ይሰበር ስለነበር ነው። በዚያ ግቢ ውስጥ የተሰበረ ዕቃ ከፈረንሳይ እስኪመጣ ቁጭ ተብሎ አልተጠበቀም፤ ብረቱ እዚያው ተቀልጦ፣ ተጠርቦ፣ ተገጥሟል። አሮጌዎቹ ሎኮሞቲቮች ዕድሜያቸው ካለፈ በኋላም የሮጡት በእነዚያ እጆች ነው። ዛሬ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር በከተማዋ ጠርዝ ያልፋል፤ አሮጌው ወርክሾፕ ደግሞ ጎብኚ የሚደነቅበት ግቢ ሆኗል። ማሽኖቹን አይቶ መደነቅ ደግ ነው። ማሽኖቹ የሚወክሉት ልማድ፣ የተሰበረውን ከመጣል በፊት የመጠገን ልማድ፣ የት ገባ ብሎ መጠየቅ ግን የበለጠ ደግ ነው።

ልማዱን ያጠፋው ድህነት አይደለም። ድሀ ሁልጊዜ ይጠግናል። የጣናን ታንኳ ማየት ይበቃል። ከደንገል የሚታሰረው ታንኳ ወራት አገልግሎ ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል፤ ባለቤቱ ግን ችግር የለበትም፤ ደንገሉን ራሱ ያጭዳል፣ ራሱ ያስራል። የመሥሪያው እውቀት ከጀልባው ጋር አንድ ቤት ያድራል። በ1970ዎቹ መጨረሻ ከኔዘርላንድስ በመጣ ድጋፍ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ጣና ላይ ሲገባ የሚያዘው ዓሣ ጨመረ፤ ዓሣ አጥማጁ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱ ሊሠራው የማይችል ነገር ላይ ተቀመጠ። ሞተሩም መረቡም ፋይበሩም የሚመጣው ከሌላ ሰው ነው። እውቀቱ ከዕቃው ጋር ካልመጣ ዕቃው እንግዳ ነው፤ እንግዳ ደግሞ ሲታመም አስታማሚ የለውም።

የበጀት አሠራሩም ይህንኑ ያባብሰዋል። ጀልባ መግዛት ርክክብ አለው፣ ሪባን አለው፣ ፎቶ አለው። የጀልባ ቡሽ መቀየር ይህ ሁሉ የለውም። ለጋሹም ቢሮውም «ይህን ያህል ጀልባ ተሰጠ» ብሎ ሪፖርት ያደርጋል፤ «ይህን ያህል ጀልባ ዛሬም ውሃ ላይ አለ» የሚል ዓምድ በሪፖርቱ ቅጽ ላይ የለም። ይህ የኢትዮጵያ ብቻ በሽታ አይደለም። ታኅሣሥ 17 ቀን 1997 ዓ.ም. የሕንድ ውቅያኖስ ሱናሚ የዓሣ አጥማጆችን ጀልባ ጠራርጎ ሲወስድ ዓለም ለስሪላንካና ለጎረቤቶቿ በጥድፊያ የፋይበር ጀልባ አሠርቶ ላከ። ብዙዎቹ በጥድፊያ የተሠሩ ስለነበሩ ለባሕር የማይመጥኑ ሆነው ተገኙ። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ከዚያ በኋላ የአካባቢው ሠራተኞች የፋይበር ጀልባን በደንቡ እንዲሠሩ አስተማረ፤ መመሪያም አሳተመ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ማለት ይህ ነው።

በኢትዮጵያ ደግሞ ነገሩን የሚያስገርም የሚያደርገው የወቅቱ ወሬ ነው። ከጥቅምት 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የአገሪቱ ትልቁ አጀንዳ ባሕር ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ስለ ቀይ ባሕር ተናገሩ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ፤ ቀጠናው ተናወጠ፤ ቴሌቪዥኑም ማኅበራዊ ሚዲያውም በመርከብ ተሞላ። ባሕር በር ያስፈልጋል አያስፈልግም የሚለው ክርክር የራሱ ቦታ አለው። ነገር ግን ባሕር የሚፈልግ አገር በሐይቁ ላይ ያለችውን ስድስት ሜትር ጀልባ ቡሽ መቀየር ሲያቅተው ማየት አንድ ነገር ይናገራል። ጎረቤት ጅቡቲ ውስጥ የፋይበር ጀልባ መጠገን እንደ ጎሚስታ ያለ ተራ ሙያ ነው። የባሕር ሕዝብ የሚባለው ባሕር ዳር የተወለደ ብቻ አይደለም፤ ጀልባው ሲያፈስ የማይደነግጥ ነው።

መቃወሚያዎቹ ግልጽ ናቸው። ከሐዋሳ ወይም ከጫሞ ጀልባ ጭኖ ድሬ ማምጣት ከጀልባው ዋጋ በላይ ሊያስወጣ ይችላል። እውነት ነው። መምጣት ያለበት ግን ጀልባው ሳይሆን ጠጋኙ ነው፤ ከየሐይቁ ሁለት ሁለት ወጣት መጥቶ፣ ተምሮ፣ መሣሪያውን በሻንጣ ይዞ ይመለስ። የሚማርበት ቦታ አለ። ከተማዋ ኢትዮ-ጣሊያን ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ አላት፤ የብረታ ብረትና የመኪና ሙያ ማስተማር አዲሷ አይደለም። የሚለማመዱበት አሮጌ ጀልባ ከሐረማያ ይወርዳል፤ አርባ ኪሎ ሜትር ቁልቁለት ነው። ሌላው መቃወሚያ የዕቃው ነው፤ ሬዚኑም ምንጣፉም ከውጭ ይመጣል፤ ሬዚኑ ተቀጣጣይ፣ ማጠንከሪያው አደገኛ ተብሎ ስለሚመደብ አንድ ጋራዥ ጥቂት ጣሳ አስመጣለሁ ቢል ወረቀቱ ብቻ ያደክመዋል። ለዚህም ቢሆን ከድሬ የተሻለ ቦታ የለም። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ የአገሪቱ የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጠና የተከፈተው እዚህ ነው፤ ከጅቡቲ የሚመጣው ባቡርም እዚህ ይቆማል። ለትልልቅ አስመጪዎች የተሠራ መጋዘን ለትንንሽ ጠጋኞች በበርሜል አስመጥቶ በኪሎ የሚሸጥ አንድ ሱቅ ማስጠጋት አያቅተውም።

ሦስተኛውና ጠንካራው መቃወሚያ የዓሣው ነው። ሐይቆቹ ላይ ዓሣ እየቀነሰ ጀልባ ማብዛት ምን ይጠቅማል? ማንም ጀልባ ይብዛ አላለም። ያለው ይጠገን ነው የተባለው። እንዲያውም አዲስ እየተገዛ አሮጌው «ያፈሳል» ተብሎ ሲጣል ነው ቁጥሩ የሚበዛው፤ የተጣለው አንድ ቀን በሬንጅ ተለብጦ በሌላ ሰው እጅ፣ ያለ ፈቃድ፣ ሌሊት ሐይቁ ላይ ይገኛልና።

መጀመሪያ የሚያስፈልገው ገንዘብ እንኳ አይደለም፤ ቆጠራ ነው። በየሐይቁ ዳር የተገለበጠው ጀልባ ስንት ነው? ስንቱ በቡሽና በብሎን ይድናል? ስንቱ ኋላው በስብሷል? ስንቱስ በእውነት ሞቷል? መዶሻ፣ ጠመኔና ሁለት በርሜል ውሃ የያዙ ሁለት ሰዎች ይህን በአንድ ሐይቅ ዳር በጥቂት ቀናት ይጨርሱታል። ሐረማያ ቅርብም ትንሽም ስለሆነ ከዚያ መጀመር ይቻላል። ወቅቱም መመረጥ አለበት። ክረምቱ ሲወጣ፣ በጥቅምት፣ ከውሃ የወጣ ጀልባ በደረቅ አየር እስከ ጥር ውሃውን ይተፋል። በጥር ማለዳ፣ ድሬ ቀዝቀዝ ባለችበት፣ ሬዚኑ ሠራተኛውን ሳያስቸኩል ይሠራል። የካቲት ላይ ሥሩ ተፈቅፍቆ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ ውስጡ ውሃ ተሞልቶ ይፈተናል። ዱቄቱ ካልረጠበ ጀልባው በደንገጎ ዳገት ተጭኖ ይመለሳል።